ድንገተኛን በቤት መጠቀም፦ ከገበያ ምርጫ እስከ ጤና ጣቢያ ደጃፍ

አያቴ ነጠላዋን ሁለት ቦታ ትቋጥር ነበር። በአንደኛው ጫፍ የገበያ ሳንቲሟ አለ፤ በሌላኛው ደግሞ ከክብሪት እንጨት ብዙም የማይወፍሩ ሦስት አራት ደረቅ ሥሮች። ደብረ ሲና ገበያ ስትወጣም፣ ለቅሶ ስትደርስም፣ ማኅበር ስትጠጣም ሁለተኛው ቋጠሮ አይለያትም። ሰው ሆዱን ይዞ ሲያጎነብስ ካየች ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ አንዷን ትመዛለች። «እንካ አኝከው፤ ምራቁን ዋጠው፤ ቃጫውን ትፋው» ትለዋለች። ከዚያ አጠገቡ ትቀመጥና ታየዋለች፦ ፊቱን፣ ላቡን፣ አተነፋፈሱን፣ የሆዱን መነፋት። ልጅ ሳለሁ መድኃኒቱ ሥሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መቀመጧም የመድኃኒቱ ግማሽ እንደነበረ የገባኝ ኋላ ነርስ ሆኜ ስሠራ ነው።

ይህ መመሪያ ድንገተኛ የሚባለውን ይህን ሥር ጓዳቸው ለሚያስቀምጡ ነው። «አትጠቀሙ» ለማለት አልተጻፈም፤ ብልም በሰሜን ሸዋ የሚሰማኝ አላገኝም። የምለው ሥሩን ከተጠቀማችሁ መቀመጡንም አብራችሁ ያዙት ነው።

ሥሩ ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም

ድንገተኛ የሕመምም የመድኃኒትም ስም ነው። ደኅና የዋለ ሰው በድንገት ሆዱን ሲቆርጠው፣ ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው «ድንገተኛ ያዘው» ይባላል፤ የሚታኘከውም ሥር በዚያው ስም ይጠራል። ተክሉ ታቬርኒየራ አቢሲኒካ የሚል ሳይንሳዊ ስም ያለው ቁጥቋጦ ሲሆን ከአተርና ከባቄላ ወገን ነው።

የአያቶቻችን ልማድ እንዲሁ በባዶ የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በውኃ የተወጣው የሥሩ ጭማቂ የላቦራቶሪ እንስሳትን የአንጀት ጡንቻ መኮማተር ሲያላላ፣ የሥሩም ቅምር ትኩሳትንና ሕመምን ሲያበርድ ታይቷል። ከሥሩ ውስጥም አይሶፍላቮኖይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ተለይተዋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጥናቱ ያሳየው ቁርጠትን ማላላት፣ ትኩሳትን ማብረድና ሕመምን ማስታገስ ነው። ወባን ይገድላል፣ የታጠፈ አንጀት ይፈታል፣ የቆሰለ ትርፍ አንጀት ያድናል አላለም። በእንስሳ ላይ የተደረገ ሙከራም ለሰው የሚበቃውን መጠን አይወስንም። ስለዚህ ድንገተኛ የሥር መድኃኒት ቢሆንም የበሽታውን ሥር ይነቅላል ብላችሁ አትመኑት። ቁርጠቱ በልቶ ያልተስማማው ሰው ቁርጠት ከሆነ እፎይ ያሰኛል፤ በራሱም የሚያልፍ ነውና። ቁርጠቱ የከባድ ሕመም ምልክት ከሆነ ግን ምልክቱን ያደበዝዝና ሕመሙን ውስጥ ለውስጥ ይተወዋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ናቸው።

1. ገበያ ላይ

ሥሩን የምትገዙት ሳይቆረጥና ሳይፈጭ፣ እንደ ችቦ በትንንሹ ታስሮ ሲሸጥ ነው። ዱቄት አትግዙ። ዱቄት ከሆነ በኋላ ድንገተኛ ይሁን፣ ግዛዋ ይሁን፣ የጓሮ እንጨት ይሁን መለየት የሚችል ዓይን የለም፤ የሻጩም ዓይን ቢሆን።

በአንድ ጉልት ላይ ቀበሪቾው፣ ግዛዋው፣ ጠጅ ሳሩና እጣኑ ከድንገተኛው ጋር ተደበላልቀው ይሸጣሉ። ቀበሪቾ ለአራስ ቤት የሚታጠን ወፍራም ሥር ስለሆነ ከቀጭኑ ድንገተኛ ጋር አይምታታም። አስቸጋሪዎቹ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ናቸው። ስለዚህ ከማታውቁት ሰው አትግዙ፤ ለዓመታት አንድ ቦታ ከተቀመጡት እናት ግዙ። «እማማ፣ ይኼ ከየት መጣ? ማን ማሰው? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደኅና ነጋዴ ሥሩ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል። «ለሁሉም በሽታ ነው» የሚላችሁን አመስግናችሁ እለፉት።

ከገዛችሁ በኋላ አንዷን ሰብራችሁ እዩ። ውስጧ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ነጭ ሻጋታ ካለ፣ የሻገተ ጎተራ ሽታም ከሸተተ መልሱ።

ስለ እንዶድ ሥር አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ለሆድም፣ ለውሻ ንክሻም፣ ይባስ ብሎም ፅንስ ለማስወረድ ሲጠጣ አያለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚገድል መሆኑን ለዓለም ያሳወቁት። ቀንድ አውጣ የሚፈጅ ነገር ወደ ሰው ሆድ ሲገባ ምን ይሠራ ይሆን ብሎ መጠየቅ ትልቅ ትምህርት አይጠይቅም። ማንም «የድንገተኛ ወንድም ነው» ብሎ ቢሰጣችሁ እንዳትቀበሉ።

2. ማጠብና ማስቀመጥ

ሥር ከአፈር ነው የሚወጣው፤ አፈር ደግሞ የወስፋት እንቁላልም ይኖርበታል። በንጹሕ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ እያሻሻችሁ እጠቡት፤ ሰፌድ ላይ በትናችሁ በፀሐይ አድርቁት። በደብረ ብርሃን ብርድና ጭጋግ ከሆነ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ጠብቁት። ከዚያ በጨርቅ ወይም በወረቀት ጠቅልላችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ያሻግተዋል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም አይሆንም። በላዩ ስሙንና የተገዛበትን ወር ጻፉበት።

3. ከማኘክ በፊት የሚጠየቅ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሌላውን ባያነብም ግድ የለም። ሕመምተኛው ሆዱን ይዟል፤ ቤተሰቡ ተሯሩጧል፤ ሥሩም ተገኝቷል። ከመስጠታችሁ በፊት ሕመምተኛውን አስተኝታችሁ ልብሱን ገልጣችሁ ሆዱን እዩ። በመዳፋችሁም ቀስ ብላችሁ ንኩት።

ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ከሆነ፣ ሰገራም አየርም አልወጣ ካለ፣ ትውከቱም ከቀጠለ አንጀቱ ተዘግቶ ይሆናል። በአገራችን አንጀት ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የአንጀት መታጠፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚገጥመው ወንዶችን ነው። ሕመሙ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ከወረደ፣ ሲራመድና ሲያስል ከባሰበት ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ እጅ ካላስጠጋ፣ ትውከቱ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ በእነዚህ ሁሉ ሥር አይታኘክም፤ ምግብም መጠጥም አይሰጥም። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ሆዱ ባዶ ሆኖ ይሂድ።

ሴት ከሆነች የወር አበባዋ ቀርቶ እንደሆነ ጠይቋት፤ በአማቷ ፊት ሳይሆን ለብቻዋ። የወር አበባዋ ቀርቶ ከሆድ በታች በአንድ ወገን በኃይል ከታመመች፣ ከዞረባትም ፅንሱ ከማሕፀን ውጭ ይዞ ውስጥ ለውስጥ እየደማች ሊሆን ይችላል። ለእርሷ አንድ ሰዓት መጠበቅ ብዙ ነው።

አንገቱ የደረቀ፣ የሚቃዥ ወይም የሚንቀጠቀጥ ትኩሳተኛም እንዲሁ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ በየወረዳው ያለውን የአምቡላንስ ስልክም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቀብላችሁ አሁኑኑ በር ጀርባ ጻፉት። ሕመም ሲመጣ ስልክ መፈለግ አይቻልም።

ሥሩን ጨርሶ የማትሰጧቸውም አሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕፃናትና ልጆች (ቃጫው ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀርም ይችላል)፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመምተኞች፣ የደም ማቅጠኛ፣ የስኳር፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስዱ። «ባሕላዊ ነውና ከምንም አይጋጭም» የሚለውን አባባል ብዙ ሰምቻለሁ። ሆድ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን የእንክብሉንም የሥሩንም የሚያጣራው ያው አንድ ጉበት ነው።

4. ማኘክ

ከላይ ካሉት አንዱም ከሌለ፣ ሕመምተኛው ጤነኛ አዋቂ ከሆነ፣ ሕመሙም ተራ ቁርጠት ከመሰለ፦

እጁንና አፉን ይታጠብ። ቁጭ ይበል፤ ተኝቶ አያኝክ። በእኛ ቤት የሚለካው በአመልካች ጣት አንድ አንጓ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ አያቴ ሰጥታ አላየሁም። በፊት ጥርስ ሰብሮ በመንጋጋ ቀስ እያለ ያኝከው፤ ምራቁን ይዋጥ። ጥቂት ቆይቶ ሥሩ እንደ ገመድ ጫፍ ይበተናል፤ የቀረው ቃጫ ይተፋል እንጂ አይዋጥም። ጥርስ ለሌላቸው አዛውንት ያንኑ አንድ አንጓ በዘነዘና አንድ ሁለቴ ቀጥቅጣችሁ በግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ዘፍዝፉት፤ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ አጠጧቸው። ዝፍዝፉ ማደር የለበትም።

አረቄ አትጨምሩበት። አካባቢያችን ሥር ሲያይ አረቄ የሚያስታውሰው ነገር አለ፤ ምኑ እንደሆነ እንጃ። አረቄ የታመመ ጨጓራን ይልጣል፤ ስካሩም ሕመምተኛው የሚናገረውን ምልክት ያበላሻል። ከሌላ ሥርና ቅጠልም አትቀላቅሉት፤ አንዱ ቢጎዳው የትኛው እንደጎዳው እንኳ አይታወቅም።

ካኘከ በኋላ ሰውነቱን ካሳከከው፣ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ይተወው። ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ሌላ ነገር ሳትሞክሩ ሩጡ።

5. ሰዓት መያዝ

ያኘከበትን ሰዓት ጻፉ። በቃል አትያዙት፤ በጭንቅ ጊዜ ሰዓት ይጠፋል። ለአንድ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጡ። በዚህ ጊዜ ሕመሙ ለቆት ፊቱ ከተመለሰ፣ አየር ከወጣው፣ ውኃ ጠጥቶ ካልመለሰው ደኅና ነው። ካልለቀቀው ወይም ለቆት ከተመለሰበት ሁለተኛ አንጓ አይሰጠውም። አያቴ ሁለተኛ ሰጥታ አታውቅም ነበር፤ «አንዱ ያላነሳውን ሁለቱ አያነሳውም፤ በቅሎ ጫኑ» ነበር ቃሏ።

ይህን ያልሰማ ሰው ከቤተሰባችን አለ። የአባቴ ታናሽ ወንድም በእርሻ ወቅት ጠዋት ሆዱን ቆረጠውና ሥር ሰጡት። ለቀቀው። የእርሻ ሠራተኞቹን ሊያበላ ወጣ፤ ረፋዱ ላይ ተመለሰበት፤ ደገሙለት። እንዲህ እያሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አራት ጊዜ አኘከ። በየመካከሉ እፎይ ስለሚል ሁሉም ተስፋ አደረገ። እኔ ስደርስ ሆዱ ተነፍቶ ቆዳው ያብረቀርቅ ነበር። «ጋሼ፣ ከመቼ ወዲህ ነው አየር ያልወጣዎት?» ብዬ ስጠይቀው፣ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ «ከትናንት ማታ» አለኝ። ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም እስከ ሆስፒታል፤ ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የታጠፈው አንጀት ጠቁሮ ስለነበር ተቆርጦ ወጣ። ዛሬ በሕይወት አለ፤ ቢሆንም ጠዋት ቢሄድ አንጀቱ ተፈትቶ ብቻ ሊመለስ ይችል ነበር።

ሌላም አታላይ እፎይታ አለ። የቆሰለ ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ሊል ይችላል። ቤተሰብ «ሥሩ ሠራ» ይላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ሆዱ በሙሉ ይመረቅዛል። ስለዚህ በኃይል ታሞ በድንገት የለቀቀው ሰው ትኩሳት ከጀመረው ወይም ሆዱ ከጠጠረ ድኗል አትበሉ።

የሰዓቱ አቆጣጠር እንደየቦታው ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለ ሰው አንድ ሰዓት ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። ከመንዝ ገደል ሥር፣ ከመኪና መንገድ የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ላይ ያለ ሰው ግን ሰዓቱን መንገድ ላይ ይቁጠረው። ሥሩን አኝኮ በቅሎው ላይ ይውጣ፤ ከተሻለው ይመለሳል። ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረቤቶችም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጠሩ።

6. ትኩሳት ካለ

ከጣርማ በር ዋሻ በዚህ ማዶ ካፖርት ለብሶ የተነሳ ሰው ቆላው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። ከደጋ ለአጨዳና ለአረም ወደ ቆላ የሚወርዱ ወጣቶቻችን ብዙ ናቸው፤ ሲመለሱ ደሞዛቸውን ብቻ ይዘው አይመለሱም። ወባ ከትንኟ ንክሻ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ስለሚነሳ፣ ልጁ አገሩ ገብቶ ሰንብቶ ነው የሚንቀጠቀጠው። «ደጋ ላይ ወባ የለም» ተብሎ ድንገተኛ ይታኘክለታል፤ ትኩሳቱ ጋብ ይላል፤ ላቡ ይወርዳል፤ በነጋታው ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ይመለስበታል። ወባ ራሱ ሄድ መጣ ስለሚል ማን እንዳበረደው አይታወቅም።

በመሆኑም ትኩሳት ላለበት ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፉት ሳምንታት ቆላ ወርደህ ነበር?» የሚል ይሁን። አዎ ካለ ሥሩን አስቀምጡና ጤና ኬላ ውሰዱት፤ ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ ምርመራው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ቆላ ያልወረደም ቢሆን ተስቦና ግርሻ የብርድ አገር እንግዶች ስለሆኑ ትኩሳቱ አንድ ቀን ካደረ ይመርመር። የግርሻ ትኩሳት ሲያባራ ዳነ መባሉ የቆየ ስሕተታችን ነው፤ ግርሻ ስሙን ያገኘው እያገረሸ ስለሚመለስ ነው።

7. ተቅማጥ ከተከተለ

ሥሩን እርሱትና ውኃውን ተኩ። አንድ ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ይጠጣል። ፓኬቱ ከሌለ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አታብዙ። ሰገራው የሩዝ እጥበት ውኃ ከመሰለ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሽንት ከቀረ እየጠጣ ይሂድ።

8. ጤና ጣቢያ ስትደርሱ

«ምን ሰጣችሁት?» ስትባሉ አትደብቁ። ባልደረቦቼ ሲቆጡ አይቻለሁ፤ የሚደብቅ ቤተሰብም ቁጣውን ፈርቶ ነው። ቢሆንም ሐኪሙ ሆዱን ነክቶ የሚወስነው ሕመሙ በሚናገረው መሠረት ነው፤ ሕመሙን ያበረደ ነገር መሰጠቱን ካላወቀ ሊሳሳት ይችላል። የቀረውን ሥር በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የታኘከበትን ሰዓትና መጠን የጻፋችሁበትን ብጣሽ አስይዛችሁ ስጡት። ስሙን ባያውቀው እንኳ ሥሩን ያያል።

9. እንደገና ስትገዙ

ከሦስት አራት ሥር በላይ ለአንድ ቤት አያስፈልግም። ቅጠል ሲቀጠፍ ተክሉ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ ሲማስ ግን ተክሉ ይሞታል። የአንድ ዓመት የሆነውን፣ የሻገተውን፣ ስሙ የጠፋበትን እሳት ውስጥ ጨምሩት፤ «ያሳዝናል» ብላችሁ ለጎረቤት አትስጡ። አያቴ የነጠላዋን ቋጠሮ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ፈትታ ታራግፈው ነበር። የቀረውን ትቆጥርና፣ የጎደለውን ያህል ብቻ ከገበያ ገዝታ መልሳ ትቋጥራለች።